አባባ ያልጻፉት አስተያየት

ለወንድሜ ለዴልበርት ማሊንስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ትሬሲስ ወገቧ ተሻላት? ልጆቹስ፣ ማዲ እና ኬሌብ፣ ትምህርቱን እንዴት ይዘውታል? በመንደራችን በስሌት ፎርክ በረዶው ገና እንዳልለቀቀ እማማ ነግራኛለች፤ መንገዱ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ሰላም ነኝ ግን አልልህም። ጤናህን የጠየቅኩህ ለወጉ አይደለም፣ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ይህችን መስመር እንዳትረሳት ብዬ አስቀድሜ ጻፍኳት።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ያንን ነገር ሳነሳብህ "ሰው መጣብኝ" ብለህ ዘጋህብኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ስልክህ ያውቀዋል። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ። ወረቀት ቢያንስ ሰው መጣብኝ ተብሎ አይዘጋም።

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅህ "ዋሽንግተን ተቀምጣ ወረቀት ታገላብጣለች" እንደምትል ሰምቻለሁ። እውነትህን ነው። ባለፈው ጸደይ አንድ የአክሲዮን ገበያ አንድ አዲስ ነገር ላሻሽጥ ብሎ ለመሥሪያ ቤታችን አመለከተ። ነገሩ የዲጂታል ገንዘብ ፈንድ ነው። ያንን በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የሚኖረውን ገንዘብ ፈንዱን የሚያቋቁመው ኩባንያ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ራሱ ሳይነካ ድርሻውን እንደ ማንኛውም አክሲዮን ይገዛል። በገበያው ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለውን መርምሮ መወሰን የኛ ፋንታ ነው። ሕጉ ደግሞ ከመወሰናችሁ በፊት ሕዝቡን ጠይቁ ይላል። ገበሬም ይሁን ፕሮፌሰር አስተያየቱን ጽፎ ይልካል፣ ደብዳቤውም ከነስሙ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይለጠፋል። አርባ አምስት ቀን የተባለው ምርመራ ወደ ዘጠና፣ ከዚያም እስከ ሁለት መቶ አርባ ሲራዘም፣ ያንን ሁሉ ደብዳቤ ቁጭ ብላ የምታነበው እህትህ ናት።

ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ዴል። ይህን ነግሬህ አላውቅም። የጡረታ ጥሪቷን በዚሁ በዲጂታል ገንዘብ ያጣች አንዲት የኔብራስካ አስተማሪ ስድስት ገጽ በእጇ ጻፈች። አንድ ሰው "እኔ ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ እናንተ ሞግዚቴ አይደላችሁም፣ ልቀቁኝ" ብሎ ሰደበን። ሌላው "አይሆንም" ብሎ ብቻ ፈረመ። የተናደደም የለመነም ራሱ አስቦ፣ ራሱ ጽፎ ነው። ለዚያ ነው የምወደው።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ከምሳ ስመለስ ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆኑ አርባ አንድ ደብዳቤዎች መጡ። ይህ ብርቅ አይደለም፤ ሰዎች ተሰባስበው አንድ ጽሑፍ ይልካሉ፣ መብታቸው ነው። "እኔ ገበያውን በየቀኑ የምከታተል ንቁ ጡረተኛ ስሆን፣ ይህ ፈንድ እንዲፈቀድ በጥብቅ እደግፋለሁ" ይላል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ፈራሚ ኦርቪል ማሊንስ ነው፤ የአባባ ስም።

ሳቅኩ፣ ታምናለህ? ሌላ ኦርቪል ማሊንስ ነው ብዬ ነው የሳቅኩት። በኛ ተራራ ማሊንስ እንደ ጠጠር ነው፣ የትም ይገኛል። ከዚያ ዓይኔ ወደ አድራሻው ወረደ። "212 ስሌት ፎርክ መንገድ፣ በኋላ በር" ይላል።

በኋላ በር። ይህን በዓለም ላይ የጻፈ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። አባባ ሊያርፉ አንድ ወር ሲቀራቸው በእሳት አደጋ ጣቢያችሁ የባቄላ እራት በሚደረግበት ቀን፣ መምጣት ለማይችሉ ሽማግሌዎች ምግቡ በየቤታቸው እንዲደርስ ዝርዝሩን የተየብኩልህ እኔ ነበርኩ። የፊት በሩ ደረጃ በስብሶ ስለነበረና አባባም ከኦክስጅኑ ማሽን ጋር ከኋላው ክፍል ስለማይወጡ፣ ሳህን የሚያደርሰው ልጅ ደጅ ቆሞ እንዳያንኳኳ ብዬ ጻፍኩት። ሁለተኛው ፈራሚ ኦፓል ራትሊፍ ናቸው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እስከ አርባ አንደኛው ድረስ ወንዙን ተከትሎ ከታች ወደ ላይ፣ ሳህኖቹ በሚታደሉበት ቅደም ተከተል። ከአርባ አንዱ ዘጠኙ ዛሬ ከመሬት በታች ናቸው። እነሱም ገበያውን በየቀኑ ይከታተላሉ።

ተነስቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄጄ እጄን ታጠብኩ፣ ደግሜም ታጠብኩ። የቆሸሸው ግን እጄ አልነበረም።

በዚያው ቀን ስደውልልህ ያልከኝን አንድም ቃል አልረሳሁም። "የኩባንያው ሰውዬ ጨዋ ሰው ነው። ለጣቢያው የውኃ መኪና እንገዛላችኋለን አሉ፤ የፈለጉት ስም ብቻ ነው፤ የእራቱን ዝርዝር ሰጠኋቸው። ስም ደግሞ ምን ይጎዳል?" አልከኝ። ወረቀቱን አንብበኸዋል ወይ ስልህ "ኧረ ተዪኝ ሎርና፣ የዋሽንግተን ወረቀት ነው፤ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው!" አልክና ሳቅክ። ማንም አያነበውም ያልከው እኔን ነው፣ ወንድሜ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማነበው እኔ ነኝ።

መኪናው እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ። አሮጌው ኮረብታውን ሲወጣ እንደሚቆም፣ የፕራተር ቤተሰብ ቤት እንዴት እንደተቃጠለም አውቃለሁ። ለራስህ ብለህ እንዳላደረግከውም አውቃለሁ፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኸው ነው። ለራስህ ሰርቀህ ቢሆን ሌባ ብዬህ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን ከደግነትህ ጋር አባባን አብረህ ሰጠህ። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚሉትን ተረት ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞስ ስንት ስም እያለ የአባባን? ረስተኸው ነው? ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት አባባ የሚሠሩበት የከሰል ማዕድን ጸሐፊ "የደኅንነት ስልጠና ወስደሃል የሚል ነው፣ ቶሎ ፈርም" ብሎ ወረቀት ሰጣቸው። ሳያነቡ ፈረሙ። ወረቀቱ "ከሰል በሚቆፈርበት ቦታ ሠርቼ አላውቅም" ይል ነበር። ሳንባቸው ጠቁሮ ካሳ ሲጠይቁ ያቺ ፊርማ ወጣችባቸው፣ ስምንት ዓመትም አከራከረቻቸው። ከዚያ ወዲህ አባባ ያላነበቡት ነገር የለም። የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ የዘር ከረጢቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡ ነበር። አንተና እኔ ስንስቅባቸው "ሳቁ፤ እኔ አንዴ ሳላነብ ፈርሜ ትንፋሼን ሰጥቻለሁ" አሉን። አንተ ያን ጊዜ እግራቸው ሥር ተቀምጠህ ጫማቸውን ትፈታላቸው ነበር። ያንን ሰው ሞቶ እንኳ ሳያነብ አስፈረምከው።

በኛ መሥሪያ ቤት ደንብ፣ የዘመድ ጉዳይ ያለበት ሠራተኛ ከመዝገቡ ይወጣል። ለአለቃዬ ለሚስስ ቫልዴዝ የአባቴ ስም እንዳለበትና አባቴ እንዳረፉ ጽፌ ሰጠሁና መዝገቡን አስረከብኩ። ዝርዝሩን ማን እንደሰጠ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር፤ ይህንንም እወቀው። ከዚያ ቢሮው ለአርባ አንዱም "ይህንን ደብዳቤ እርስዎ ጽፈዋል?" የሚል መጠይቅ በፖስታ ላከ።

የአባባ መጠይቅ በኋላ በር ገባ። ጥር ውስጥ እማማ ደወለችልኝ። "ሎርና፣ ያንቺ መሥሪያ ቤት ለአባትሽ ጽፎለታል እኮ!" አለችኝ። ድምጿ እንደ ልጅ ነበር። "ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሰው ሐሳብህ ምንድን ነው ብሎት አያውቅም፤ ይኸው ዛሬ መንግሥት ጠየቀው" አለች። ከዚያ "እንዴት ነው ግን ያላለውን አለ የሚሉት?" አለች። ሁለት ሳጥን ነበር፣ ጽፌያለሁና አልጻፍኩም የሚል። እማማ አንዱንም ሳትነካ ከታች በእርሳስ "ባለቤቴ ሞቷል። በሕይወት ቢኖርም መጀመሪያ ያነበው ነበር" ብላ መለሰችው።

ቀጥላም ስሙን ማን እንደሰጠ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እማማን ዋሸኋት፣ ዴል፤ አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ስላንተ ብዬ እናቴን ዋሸኋት። ውሸቱ ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም። እማማ አውጥታ አውርዳ የኦፓልን ልጅ ጃኔልን ጠረጠረች፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ስለምትሠራ የሰው አድራሻ ያላት እሷ ናት ብላ። ይኸው ከአንድ ወር በላይ ሰላምታ ነሥታታለች። በየሳምንቱ መድኃኒቷን የምታመላልስላት ጃኔል፣ ባለፈው "ምን በደልኳቸው?" ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ለእሷም ዋሸሁ።

ውሳኔውን ሰምተህ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ ፈንዱ ተፈቅዷል። ተፈቀደ ብዬ አይደለም የተናደድኩት፤ የፈቀዱት ሰዎች በበቂ ምክንያት ይሆናል፣ እኔም መዝገቡ ውስጥ አልነበርኩም። ሰማንያ ሰባት ገጽ ነው። በስድሳ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል "ላኪዎቻቸው ያልተረጋገጡ አርባ አንድ ደብዳቤዎች ከግምት አልገቡም" ይላል። በቃ። ያ ሁሉ ነገር ለዚህች መስመር ነው። ደብዳቤው አባባን አዋረደ፣ እማማን አሳዘነ፣ ጃኔልን አስለቀሰ፤ ፈንዱን ግን አልጠቀመም፣ አልጎዳም። ባትሰጣቸውም ይፈቀድ ነበር። አንተ ስም ምን ይጎዳል ብለኸኝ ነበር።

አሁን የምለምንህን ስማ። ቅዳሜ የባቄላው እራት ነው፤ አዲሱም መኪና በሩ ላይ የኩባንያው ስም ተጽፎበት ይመረቃል። በመኪናው አልመጣብህም፣ እሳት አጥፉበት። ግን እማማና ጃኔል በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ጎን ለጎን ቆመው ባቄላ ሊጨልፉ ነው። ይህ ደብዳቤ ሐሙስ ይደርስሃል። ዓርብ ወደ እማማ ሂድ፣ ቁጭ በልና እኔ ነኝ በላት። ሰው ፊት አትንገራት፣ መኪናው ፊትም አትንገራት። ትቆጣህ ይሆናል፤ ትመታህም ይሆናል፣ ጎንበስ በልላት። እሷ እያለች ይቅርታ የሚጠየቅበት በር አለ። እኔ ነግሬያት ቢሆን ቀላል ነበር፤ ግን ከኔ ከሰማችው ያንተ አይሆንም። ቅዳሜ ጠዋት ለእማማ ደውዬ ጃኔልን ሰላም ብላት እንደሆነ እጠይቃታለሁ። ካላለቻት የዚያኑ ሰዓት እኔው እነግራታለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሽም።

ከዚህ ጋር በአባባ ስም የተላከውን ደብዳቤ ግልባጭ አያይዤልሃለሁ። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከአርባ አንዱ አንድም ሰው አላነበበውም፤ አንተም አላነበብከውም። እማማ ዘንድ ከመሄድህ በፊት እባክህ አንብበው። አባባ እንደሚያነቡት፣ ቃል በቃል።

ትሬሲን ሳምልኝ፤ ወገቧን ትጠንቀቅ፣ ከባድ ድስቶቹን አንተ አንሳላት። ማዲ የላከችልኝ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ነው በላት። ኬሌብን አክስትህ ናፍቀሃታል በልልኝ፤ ንባብ ይከብደዋል ስላልከኝ መጽሐፍ በሚቀጥለው ሳምንት እልክለታለሁ። የኦፓልን ጉልበት ሳምልኝ። ለእማማ የኔን ሰላምታ የምታደርሰው ግን ዓርብ፣ ያንን ከነገርካት በኋላ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

እህትህ ሎርና

ዋሽንግተን፣ ማርች 5 ቀን 2024