ጎንደርን የሰጠችኝ ዕለት

ኢየሩሳሌም፣ ኔቬ ያዕቆብ
ኅዳር 5 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይህ ወረቀት ጎንደር ላለችው እህቴ ከነሙሉ ናፍቆቴ ይድረስ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ባለፈው «ሲበርድ ብቻ ነው የሚያመኝ» ብለሽ ጽፈሻል፤ ጎንደር ደግሞ መቼ ነው የማይበርደው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? አማትሽስ ዛሬም ከአልጋቸው ሳይወርዱ ቤቱን ያዛሉ? እኛ ሁለታችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህችን «ደህና ነን» ግን እስከ ደብዳቤው መጨረሻ በአደራ ያዢልኝ።

የላክሽው ማር ደርሷል። ጎረቤታችን ልቅናሽ ስትቀምሰው ዓይኗን ጨፍና ነው። እኔ አልቀመስኩትም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

አውቃለሁ፤ አንቺ አሁን የምትፈልጊው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ አለፈች ወይስ ወደቀች? ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘይ። ልጅ ሳለሽም እንቆቅልሽ ስጠይቅሽ ወደ እናታችን ሮጠሽ መልሱን ታመጪ ነበር። ዛሬ እናታችን የለችም፣ መልሱም እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ በተራው ይወጣል።

ልጅሽ ዘቢደር በመጋቢት የነርሶችን የመንግሥት ፈተና ተፈትና በአራት ነጥብ መውደቋን ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ በሆስፒታሉ የምትሠራበት ክፍል ኃላፊ «በጳጉሜን ካላለፍሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» እንዳለቻት ነው። አራት ዓመት ተምራ የሌላ ሰው አልጋ ስታነጥፍ ልትቀር ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ራሷ መጽሐፍ ሆነች። ስትበላ መጽሐፍ፣ አውቶቡስ ላይ መጽሐፍ። ስጠራት የምትሰማኝ በሦስተኛው ነው። ሳቋንማ ረሳሁት።

እኔ ደግሞ የማላውቀው ነገር ቤቴ ውስጥ ሲቀመጥ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ልትታጠብ ስትነሣ መጽሐፉን ሰረቅኋት። ዕብራይስጥ የተማርኩት ከአውቶቡስ ሰሌዳና ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ በመጀመሪያው ቀን የገባኝ «ሥር»፣ «ውሃ» እና «በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለው ብቻ ነበር። ግን ሥዕል አለው። የሰው አንጀት ቢዘረጋ ከሳሎናችን ወጥቶ የልቅናሽን በር እንደሚያንኳኳ ታውቂ ነበር? ኩላሊታችን ቀኑን ሙሉ ያንኑ ደም ደጋግሞ እንደሚያጣራስ? ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ስዞር አንድም ቀን አለመጠየቄ ገረመኝ።

እየደጋገምኩ ስሰርቀው ቆይቼ የደረስኩባቸው ጥያቄዎች ደግሞ የባሱ ናቸው። አራት መልስ ይሰጡሻል፤ አራቱም ልክ ነው። የሚጠይቁሽ «መጀመሪያ የትኛውን ታደርጊያለሽ?» ብለው ነው። ለምሳሌ፣ ሰውዬው ትንፋሽ አጥሮታል። ሐኪም ትጠሪያለሽ? ከወገቡ ቀና ታደርጊዋለሽ? ሁኔታውን ትመዘግቢያለሽ? ቤተሰቡን ታረጋጊያለሽ? እኔ ጮክ ብዬ «ቤተሰቡን» አልኩ። በኛ አገር ዘመድ ካልተረጋጋ ሐኪሙ ራሱ በሩን አያገኘውም። ዘቢደር ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ፣ ፎጣው ራሷ ላይ እንዳለ «አጎቴ፣ በሽተኛህ ሞተ» አለችኝና ሳቀች። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ያን ጊዜ ተንኮሌ ተነሣ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጥያቄውን ሁሉ ወደ እንቆቅልሽ ለወጥሁት። ከአትክልት ሥራዬ በማመጣቸው የችግኝ መለያ ካርዶች ጀርባ እጽፋለሁ፤ ማዘጋጃ ቤቱ እንደሆነ ካርድ ቆጥሮ አያውቅም። የማጠጣቸው ዛፎች የኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ስለሆኑ፣ እሷ ከሆስፒታል እኔ ከሥራ ስንወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ እንገናኛለን። እዚያ ጸጥታ አለ። ቤታችን ካለው ሬድዮና ከልቅናሽ ልጆች ኳስ ይሻላል።

አጠያየቄን ታውቂዋለሽ። «እንቆቅልሽ!» እላታለሁ። «ምን አውቅልህ?» ትለኛለች። ከዚያ በሽተኛ እሆንላታለሁ፤ ያውም የኛ አገር በሽተኛ። «እንዴት ነዎት?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን»። እንደገና ስትጠይቀኝ «ምን እላለሁ፣ ተመስገን»። በሦስተኛው ነው «ብቻ ይቺ ጎኔ…» የምለው። «መጽሐፉ አንዴ ጠይቂ ነው የሚለው» ብላ ተቆጣችኝ። «መጽሐፉ ጎንደርን አያውቅም» አልኳት። ያቺን ነገር ግን ከደብተሯ ላይ ስትጽፋት አይቻለሁ።

ካላወቀች አገር ትሰጠኛለች። መጀመሪያ ቃታሞኒም የሚባለውን ሰፈር ሰጠችኝ። «ቃታሞኒም ሄጄ ምን አጥቼ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ አራት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ!» ብዬ ገዛሁት። የማኻኔ ዬሁዳን ገበያ ሰጠችኝ። «ማኻኔ ዬሁዳ ሄጄ ምን አጥቼ፣ ሐብሐብ ሁሉ አንኳኩቼ፣ ሳልገዛ ወጥቼ!» አልኩ። በሰኔ ኔቬ ያዕቆብን ከነአውቶቡሱ ወሰድኩባት። አንድ ቀን ጨንቋት «የዴር ሡልጣንን ገዳም ውሰድ» ስትለኝ፣ «ጣሪያ ላይ ያለ አገር አልቀበልም፤ እሱን ለመነኮሳቱ ተዪላቸው» አልኳት። በሐምሌ መጨረሻ ኢየሩሳሌም በሙሉ የእኔ ነበረች፤ እሷም ከአሥር ዘጠኙን መመለስ ጀምራ ነበር።

አንድ አገር ብቻ እምቢ አለችኝ። «ጎንደርን ስጪኝ» ባልኳት ቁጥር «እናቴ ያለችበትን አልሰጥም» ትለኛለች። አማቴን ጥዬ አልወጣም ብለሽ፣ እሷን በአሥራ አራት ዓመቷ በእጄ ከሰጠሽኝ ስምንት ዓመት ሆኗል። እዚህ ሲመዘግቧት ኢሪት አሏት፤ ያንን አልተከራከረችም። ጎንደርን ግን በጨዋታም አትሰጥም።

በነሐሴ ማብቂያ፣ ለፈተናው ስምንት ቀን ሲቀር፣ አንድ ማክሰኞ ካርዶቼ አለቁ። ተንኮለኛ ሰው ደግሞ ካርድ አለቀብኝ አይልም፤ አጠገቤ ያገኘሁትን በሽተኛ አነሣሁ። «እንቆቅልሽ!» አልኳት። «ምን አውቅልህ?» «ጠጥቶ አይረካም፣ በልቶ አይወፍርም፣ ሌሊት ሦስቴ ተነሥቶ ደጅ ይወጣል፣ ጋዜጣውን ክንዱን ዘርግቶ ያነባል፣ ቁስሉ አይሽርም፤ ማነው?»

ወዲያው ትመልሳለች ብዬ ነበር። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካችና «ዕድሜው?» አለችኝ። «ሃምሳ ሁለት።» «ሥራው?» ልዋሽ ስል አፌ ላይ የመጣው «አትክልተኛ» የሚለው ሆነ። ከዚያ እንዳስተማርኳት ጀመረችኝ። «እንዴት ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «እንዴት ነህ አጎቴ?» «ምን እላለሁ፣ ተመስገን።» ሦስተኛውን አልጠየቀችኝም። «ጫማህን አውልቅ» አለችኝ።

«የእንቆቅልሽ በሽተኛ እግር የለውም» ብዬ ብስቅ እሷ አልሳቀችም። ከመንገዱ ላይ ተንበርክካ ቦቲዬን ፈታችው። በፋሲካ ሰሞን መቆፈሪያ የነካው አውራ ጣቴ ነበር፤ በእርግጥ እስከዚያ ቀን አልዳነም፣ ግን ስለማያመኝ ትቼው ነበር። በዚህ መካከል ሁልጊዜ የሚያልፉት መነኩሴ መጡ። «ልጄ፣ እግር ማጠብ የሐሙስ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሏት። «አባ፣ እኛ ሐሙስ የለንም፤ ያለን ቅዳሜ ነው» አልኳቸው። እየሳቁ ገቡ። ዘቢደር ቀናም አላለች።

«ዓይንህን ጨፍን፤ የነካሁትን ጣት ስም እየጠራህ ንገረኝ» አለችኝ። ጨፈንኩ። ጥሩ ጨዋታ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም የለም። «ኧረ ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

«ጨርሻለሁ» አለችኝ።

ዓይኔን ስከፍት እርሳሷን በእጇ ይዛለች፤ በአምስቱም ጣቶቼ ላይ የእርሳስ ነጥብ አለ። እህቴ፣ በሕይወቴ ብዙ እንቆቅልሽ ጠይቄአለሁ፤ የገዛ እግሬ የሚጠይቀኝን ሳላውቅ ስቀር ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩን በጨዋታ ላሳልፈው ብዬ «በይ እንጂ፣ መልሱን ንገሪኝ» አልኳት። የቦቲዬን ክር እያሰረች «አላወቅሁም» አለችኝ። መልሱን እንደ ስሟ እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ያንን ምዕራፍ ሁለቴ አጥንተነዋል። «እንግዲያ አገር ስጪኝ፤ ግን ምን ቀረሽ?» አልኳት።

«ጎንደርን ውሰድ» አለችኝ።

ሕጉን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አገር የተቀበለ ሰው መልሱን በገዛ አፉ ይናገራል። «ጎንደር ሄጄ ምን አጥቼ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግጥሙ አልመጣም። መልሱም አልመጣም። «አላውቀውም» አልኳት። «እንግዲያ ከሚያውቁት ዘንድ ሄደህ አምጣው» ብላ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን መጽሐፏን አልከፈተችም። ከዚህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ፈተናውን ትታ እጄን ይዛ ኩፓት ሆሊም፣ የጤና ጣቢያው፣ ልትወስደኝ ፈለገች። እኔ ደግሞ ፈተናሽ ይለፍ አልኩ፤ ጣቴ ከፋሲካ ጀምሮ ከታገሠ አንድ ሳምንትም ይታገሣል። «መጀመሪያ የትኛው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ፤ እንደ መጽሐፉ። በመጨረሻ ተስማማን፤ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት፣ እሷ ወደ ፈተናው እኔ ወደ ደም ምርመራው። እስከዚያ መጽሐፉን ትከፍታለች። «ትዋሸኛለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስሜ በዚያ የታወቀ ነው። «ምልክት አመጣለሁ» ብዬ ማልኩላት።

የፈተናው ዕለት ምግብ ሳልቀምስ ሄድኩ። ደም የምትቀዳው ነርስ ቶቫ ትባላለች፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ጥሩ ሴት ናት። መርፌው ለምን በዚህኛው ሥር እንደሚገባ፣ ጠርሙሶቹ ክዳናቸው ለምን ቀለሙ እንደሚለያይ፣ ደሙ የት እንደሚሄድ ስጠይቃት «አንተ ነርስ ነህ?» አለችኝ። «አይደለሁም፣ የነርስ መጽሐፍ ሌባ ነኝ» አልኳት። የለጠፈችልኝን ጥጥ ሳላነሣ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ከፈተናው አዳራሽ በር ላይ ቆምኩ።

ዘቢደር ከብዙ ልጆች ጋር ወጣች። ሌሎቹ በሙሉ «አሥራ ሰባተኛውን ምን አልሽ? ሐኪሙን ነው ያስቀደምሽ?» እየተባባሉ ይጯጯሃሉ። እሷ ማንንም ሳታናግር ክንዴን ይዛ ጥጡን አየችው፤ የውሸት መስሏት ጠርዙን ገለጥ አድርጋ ደሙንም አየች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ፈተናው እንዴት ነበር ብዬ የጠየቅኋት አውቶቡሱ ላይ ነው። «አላስታውስም» አለችኝ።

የእኔ ፖስታ በሦስተኛው ቀን ወጣ። እሷ ከፈተችው። የደሜን ስኳር ቁጥር አልጽፍልሽም፤ ብጽፈውም አይገባሽም፣ ቢገባሽም እንቅልፍ ይነሣሻል። አጥፋ ከኪሷ ከተተችውና «ብዙ ሰው አብሮት ያረጃል፤ ብቻ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የማዝህ» አለችኝ። እያዘዘችኝም ነው። ጠዋትና ማታ እግሬን እንደ ፈተና ወረቀት ታገላብጠዋለች። ጣቴ ድኗል፤ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል።

የእሷ ፖስታ ሁለት ወር ቆይቶ ባለፈው ሳምንት መጣ። ከደረጃው ሥር ካለው የፖስታ ሣጥን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የእኔን እሷ ስለከፈተች የእሷን እኔ ከፈትኩት፤ ይህ ፍትሕ ነው። አንብቤ ከኪሴ ከተትኩትና ሽቅብ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። «እንቆቅልሽ!» አልኳት። ድምፄን ሰምታ ከወጥ ቤት ወጣች፤ እጇ ሽንኩርት በሽንኩርት ሆኗል። «ምን አውቅልህ?» አለችኝ፤ ቀስ ብላ። «አራት አጥታ ሄዳ አሥራ ዘጠኝ ትርፍ ይዛ የተመለሰች ማናት?»

አላወቅሁም አላለችም። አገርም አልሰጠችኝም። ከነሽንኩርቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እነሆ እህቴ፣ ልጅሽ ነርስ ናት። አሁን እልል በይ፤ አማትሽ ቢቆጡም።

ከዚያው ዕለት ጀምሮ ቃታሞኒምን፣ ገበያውን፣ ኔቬ ያዕቆብን ከነአውቶቡሱ መለስኩላት። ጎንደርን ግን አልመለስኩም። «ስጠኝ» ትለኛለች፤ «እናትሽ ከዚያ ወጥታ ከአጠገቤ ስትቀመጥ ትወስጂዋለሽ» እላታለሁ። የመምጫሽ ጉዳይ እዚህ ገበያው የሚባል ጸሐፊ እጅ ገብቷል፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ በጥያቄ አደክመዋለሁ፤ እንዲሰለቸኝ ሳይሆን እንዲሰለቸው ነው። ግጥሙንም ገና አልጨረስኩትም። «ጎንደር ሄጄ ምን አጥቼ» እልና ከዚያ በኋላ ያለው አይመጣልኝም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለምጃለሁ፤ ቅጠሉ የራሱ ጣዕም እንዳለው በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ገና ማወቄ ነው። ዘንድሮ የስግድን በዓል ሳልጾም ነው ወደ ተራራው የወጣሁት፤ ቄሳችን ፈቅደውልኛል፣ ዘቢደር ደግሞ ቁርሴን ራሷ አብልታኛለች። ሁለተኛ ማር እንዳትልኪ፤ ልቅናሽ በጣም ወፍራለች። በርበሬ ላኪ።

«ደህና ነን» ያልኩሽን አሁን መልሺልኝ፤ እውነት ነበረች።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ። አማትሽን በሰላም ያኑርልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ደጃችንን ለመርገጥ ያብቃሽ። የእናታችን አምላክ ከቤትሽ አይለይ።

የሚናፍቅሽ፣ የሚያበሽቅሽ፣
ወንድምሽ