«እንዴት አወቅህ?» ባይዋ ወይዘሮ ረድኤት በዛብህ

ወይዘሮ ረድኤት በዛብህ ከአባታቸው ከመምህር በዛብህ ከፈለኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እማዋይሽ ተክሌ ሰኔ 12 ቀን 1978 ዓ.ም. ሚዛን ተፈሪ ከተማ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የጠየቁት ሰው ሲመልስላቸው «እንዴት አወቅህ?» ብለው ሌላ ጥያቄ ይጨምሩ ነበር። ይህን ድፍረት ነው ያሉ መምህራን ነበሩ። ተሳስተዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚዛን ተከታትለው በ2000 ዓ.ም. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በመረጃ ሳይንስ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ2003 ዓ.ም. በሚዛን፣ በአማን፣ በቴፒና በቱም መደብሮች ባሉት፣ የሕንፃ ዕቃ በሚቸረችረው የሐጂ ጀዋር አባፎጊ ድርጅት በሽያጭ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ዲግሪ ይዘው ምስማር መሸጣቸው ያሳፈረን ዘመዶች ነበርን፤ ይህን የሚጽፈው ታላቅ ወንድማቸው አንዱ ነው። እሳቸው ግን ቆርቆሮ ለምን ከጫፉ እንደሚዝግ ሲጠይቁ ለማፈር ጊዜ አልነበራቸውም።

በ2005 ዓ.ም. ከአቶ ሕዝቅያስ ወልዴ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ውድነሽንና ኢዮስያስን ወለዱ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የሚዛኑ ዕቃ ቤት ኃላፊ አቶ ባየ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ፈቃድ ወጡ። የቀሩት ሠራተኞች አዲስ የመጣውን ሲሚንቶ ግድግዳ አስደግፈው ደረደሩት። አቶ ባየ ሲመለሱ ግማሹ ድንጋይ ሆኖ ጠበቃቸው። ሲሚንቶ በዚህ አገር ዝናብ ከግድግዳ ርቆ በሳንቃ ላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁሉም ማን እንደደረደረው ሲያጣራ ወይዘሮ ረድኤት የጠየቁት ሌላ ነገር ነው፤ ባየ የሚያውቁትን ሌላው ሰው ለምን አላወቀም?

የአራቱም መደብር ሠራተኞች በስልካቸው የሚከፍቱትን የእውቀት ማኅደር የጀመሩት ከዚህ ጥያቄ ተነስተው ነው። መጀመሪያ ራሳቸው መቶ አሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ ጻፉ። ማንም አልከፈተውም። ሌላ ሰው ቢሆን ሠራተኛውን ሰነፍ ይል ነበር። እሳቸው ቴፒ ሄደው ሦስት ሳምንት ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጡ። ስለ ቡና ማድረቂያ አልጋ ሽቦ የሚጠየቁትን ሁሉ ለአቶ ባየ እየደወሉ የሚያጣሩት ገንዘብ ተቀባይዋ ሱሀይላ፣ መመሪያውን ለምን እንደማይከፍቱ ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፦ «መመሪያው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጋሽ ባየን ግን አውቃቸዋለሁ።»

ወይዘሮ ረድኤት ያን ሁሉ ገጽ ሰርዘው እንደገና ጀመሩ። በአዲሱ ማኅደር እያንዳንዱ ገጽ ደንበኛው በጠየቀበት ቃል ይጀምራል፤ ከመልሱ ሥር የመላሹ ስምና እንዴት እንዳወቀ ይጻፋል። መጻፍ የከበደው በቤንችኛም ሆነ በሸኮኛ ድምፁን ይቀርጻል። መልስ ያጡ ጥያቄዎችም የራሳቸው ገጽ አላቸው፤ እሳቸው ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. አንድ አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ እውቀቱ የድርጅቱ ነው በማለት የሠራተኞቹ ስም ከየገጹ እንዲነሳ አዘዘ። ወይዘሮ ረድኤት በስብሰባ ተነስተው «ስሙን ካነሳችሁት፣ መልሱ ሲሳሳት ማንን እንጠይቃለን?» አሉ። ሐጂ ጀዋር እዚያው ስልካቸውን አውጥተው የሲሚንቶውን ገጽ አነበቡና አቶ ባየ ዘንድ ደወሉ።

«አንተ ባየ፣ ሃያ ዓመት ለእኔ ያልነገርከኝን ለእሷ ነገርካት?»

«ሐጂ፣ እርስዎ መቼ ጠየቁኝ?»

ስሞቹ ሳይነሱ ቀሩ።

ከድርጅቱ የደረሰን የኀዘን መግለጫ ግን ወይዘሮ ረድኤት «ድርጅታችን ባዘጋጀው ማኅደር ላይ ተሳትፎ አድርገዋል» ይላል። ተሳትፎ አላደረጉም፤ ሠሩት። ሐጂ ጀዋር እዚህ ቀብሩ ላይ አሉ፤ ይታረም። የሌሎቹንም ስም እሳቸው የሉም ብሎ ከማኅደሩ ለማንሳት የሚያስብ ካለ፣ ይህን ሁሉ ሰው ምስክር አድርገን እንጠይቀዋለን።

ወይዘሮ ረድኤት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በጅማና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እናታቸውና ወንድማቸው በሕይወት አሉ።

ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው መልስ ባጡት ጥያቄዎች ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፈው ነበር፤ «ቱም ላይ ነጭ ቀለም ለምን አይሸጥም?» መልሱ ትናንት ማታ ተጽፎ አገኘነው። «ዝናቡ ቀዩን አፈር ግድግዳው ላይ ስለሚረጨው ነው። ሬድዋን፣ ቱም መደብር። እንዴት እንዳወቅሁ፦ ቤቴን ሁለት ጊዜ ነጭ ቀብቼዋለሁ።»

ለዚህ መልስ ሌላ ጥያቄ የሚጨምሩ አይመስለንም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበል፤ የሌላውን ስም ሲጽፉ ኖረዋልና የእሳቸውን ስም በሕይወት መዝገብ ይጻፍልን።