የቤተሰባቸውን ሕመም በስሙ የጠሩት ወይዘሮ ሜቪስ ኦክፎርድ

ወይዘሮ ሜቪስ ኦክፎርድ ከአባታቸው ከአቶ ክላረንስ ሃድሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢኒድ ብራምዌል፣ በታዝማኒያ ደሴት፣ በሂዩን ወንዝ ዳር በሚገኝ የፖም እርሻ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1944 ተወለዱ። ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ ሊንዚ ጋር አብረው አደጉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በዚያው ዘመን አባታቸው መንገዳገድ ጀመሩ። እጃቸው ዕቃ መያዝ ተሳነው፤ ቁጣቸውም ሳይታሰብ ይገነፍል ነበር። አቶ ክላረንስ መጠጥ የሚባል ባይቀምሱም ሰፈሩ ሰካራም አላቸው፤ ከቤተ ክርስቲያንም ደጃፍ ተመለሱ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሳህን ወርውረው የወይዘሮ ኢኒድን ግንባር ሲፈነክቱ፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበሩት ሜቪስ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም!» ብለው ጮኹባቸው። አባታቸው በ1961 በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሲያርፉ ለቀብሩ አልሄዱም።

በ1966 ከአናጺው ከአቶ ዴዝሞንድ ኦክፎርድ ጋር ትዳር መሥርተው ሮዋንንና ግሌኒስን ወለዱ። በፖም ማሸጊያ ቤት ለሃያ ሦስት ዓመታት ሠርተዋል።

በ1979 ሁለት ተመራማሪዎች በራቸውን አንኳኩ፤ አንዷ ሐኪም፣ ሌላው የቤተሰብን ኑሮ የሚያጠኑ ነበሩ። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በስንት ዓመቱ መንገዳገድ እንደጀመረ፣ የማን ትዳር እንደፈረሰ፣ ማን ራሱን ወንዝ ውስጥ እንደጣለ ጠየቁ። አቶ ሊንዚ፣ «ገመናችንን ለባዳ ልትዘከዝኪ ነው? እንግዲያውስ ወንድሜ እንዳትዪኝ!» ብለው በሩን ወርውረው ወጡ። ወይዘሮ ሜቪስ ግን የእናታቸውን የፎቶ ሣጥን አወጡ።

ከወራት በኋላ ሐኪሟ ተመልሰው መጡ። «አባትዎ ሰካራም አልነበሩም። ሃንቲንግተን የሚባል ሕመም ነው፤ አንጎልን ይጎዳል፣ ጠባይን ይለውጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም ግማሽ በግማሽ ነው» አሏቸው።

ወይዘሮ ሜቪስ ስለ ራሳቸው አልጠየቁም። «ያኔ እኔ ያልኩትን ይሰማ ነበር?» ብቻ አሉ።

«ይሰሙ ነበር።»

በማግስቱ የአባታቸውን መቃብር ፈልገው አገኙ። ከዚያም በኩርፊያ የተለያየውን ዘመድ ቤት ለቤት እየዞሩ የሰሙትን ነገሩ። በር የዘጉባቸው ብዙ ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ የአቶ ሊንዚ ትከሻ ያለ ፈቃዳቸው ይወራጭ ጀመር። ሚስታቸው ልጃቸውን ቴሳን ይዘው ሸሹ። ወይዘሮ ሜቪስ ያኮረፏቸውን ወንድማቸውን ወደ ቤታቸው አምጥተው ዘጠኝ ዓመት አስታመሙ፤ ሲያጎርሱ ስንት ጊዜ ተመቱ። በ1992 ቴሳን ጠርተው የአባቷን ሕመም ነገሯት።

«ጥርሴን የሰበረው በሽታው ነው ልትዪኝ ነው፣ አክስቴ?»

«አይደለም፣ ልጄ። የተመታሽው አንቺ ነሽ፤ የታመመውም እሱ ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። እኔ አንዱን ብቻ ሳውቅ ነው አባቴ የሞተብኝ።»

ቴሳ የአባቷን የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት በማንኪያ አጎረሰቻቸው። ይቅር አላለቻቸውም፤ ግን አልጋቸው አጠገብ ነበረች።

በ1994 ወይዘሮ ሜቪስ ተመርምረው ከሕመሙ ነጻ መሆናቸው ተነገራቸው። ባለቤታቸው ደስታ ሲጠብቁ፣ እሳቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው «ለምን ወንድሜን ብቻ?» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ውጤት ለመስማት የሚሄድን ዘመድ ሁሉ፣ ያኔ በር የዘጋባቸውን ጭምር፣ እየተከተሉ እጁን ይዘው ይቀመጡ ነበር።

ወይዘሮ ሜቪስ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 2 ቀን 2018፣ በ74 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህንንም ታሪክ የጻፈችውን የወንድማቸውን ልጅ ቴሳን ትተዋል። ቴሳ ለሃያ ስድስት ዓመት የሸሸችውን ውጤት ለመስማት የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ አላት፤ አክስቷ አብረዋት ሊሄዱ ቃል ገብተውላት ነበር።

የምሕረት ባለቤት እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአባታቸውና ከወንድማቸው ጋር በሰላም ያገናኝ፤ ለቀረነውም ድፍረቱን ይስጠን።