የጎፈሬ ቆዳ

ሰኞ
ዛሬ ደግሞ ጀርባው ላይ ሰባት አዲስ ብጉር። የአፍንጫው ጫፍ ተልጧል። ኧረ ምን ጉድ ነው! ውሻ ብጉር ያወጣል ሲባል ሰምቼም አላውቅ። እህቴ ራሄል ለበረራ ሥራ ውጭ አገር ሄዳ ያመጣችው ፀጉር አልባ ውሻ ነው። ጎፈሬ ያለችው ለሹፈት ነው። እሷ ከሞተች አምስት ወር ሆናት። እሱ ግን አውሮፕላን በጣራችን ላይ ባለፈ ቁጥር ተነስቶ በሩ ላይ ይቆማል። ሆዴ ይባባል፤ ደግሞም እፈራለሁ። እሱም ከሞተ ከእሷ ምን ይቀረናል?

ማክሰኞ
ከሥራ አስፈቅጄ ሃያ ሁለት ሰፈር ያለ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። የታክሲው ሹፌር "ፀጉሩን ማን ላጨው?" ሲለኝ ሳቅኩ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።
ሐኪሙ "ቅባት ትቀቡታላችሁ? ፀሐይ ላይስ ይውላል?" አለኝ። በፍጹም ብዬ ማልኩ። እማዬ እንኳን ልትቀባው፣ "ውሻ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?" ስትል ነው የምትውለው። አላመነኝም። ቆዳው በቅባት ተደፍኗል፣ በፀሐይም ተቃጥሏል፤ ከመረቀዘ አይተርፍም አለ።

ረቡዕ
የራሄል ክፍል እንደተቆለፈ ነው። ጎፈሬ ደጃፉ ላይ ተኝቷል። ጎንበስ ስል ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። ማን ቀባው? ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን።

ሐሙስ
ስልኬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። እማዬ ግቢ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ጎፈሬን ቅልጥሟ ላይ አስተኝታ ለጋ ቅቤ ታሸዋለች። እንደ አራስ ልጅ። "እደጊ ተመንደጊ፣ የኔ እናት" ትላለች። ጎፈሬ ወንድ ነው። ሳታየኝ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ዓርብ
ብነግራት እጇን ባዶ ማስቀረቴ ነው። ባልነግራት ውሻው መሞቱ ነው። ቀስ ብዬ ልነግራት አስቤ "ልትገይው ነው እንዴ!" ብዬ ጮህኩባት። "ራቁቱን ነው፣ በርዶት ነው። ራሄልም ስትወለድ ቆዳዋ ስስ ነበር፤ በዚሁ ነው ያጠነከርኳት" አለች። ምላሴን በቆረጠው።

እሑድ፣ ከሳምንት በኋላ
ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ጥላ፣ ስስ ልብስ። የሐኪሙ ትእዛዝ ይኸው ነው። ማጠቡን ለእማዬ ሰጠኋት። የራሄልን ክፍል ራሷ ከፍታ የልጇን የጥጥ ሸሚዝ ቆርጣ ሰፋችለት። ጎፈሬ ሸሚዙን አሸተተና ጅራቱን ቆላ። ብጉሩ እየደረቀ ነው፤ አንዱ ብቻ አሁንም ያሰጋል።
አሁን እማዬ ከግቢ ተጣራች። "ራሄል! ፎጣ አቀብይኝ!"
ስሜ ትዕግስት ነው። "አቤት" አልኩና ፎጣውን ይዤላት ወጣሁ።