ለማላውቃቸው ሴት የተቀመጥኩት ለቅሶ

ልጄ ጽንዓት፣ የልደታዋ እመቤት በሰው አገር ከነርስ ጓደኞችሽ ጋር ትጠብቅሽ። እንዴት ናፍቀሽኛል! እኛ ደህና ነን። አባትሽ ግን ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ጌጃ ሰፈርን ይዞራል፤ እስቲ አንቺ ምከሪው።

በስልክ የነገርሽኝ፣ እጅሽን ይዘው በኮሮና የሞቱት አሮጊት ከሐሳቤ አልወጡም። አንቺ ጓንት ቀይረሽ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄድሽ እንጂ ማልቀሻ ጊዜ እንኳ አልሰጡሽም። ስለዚህ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን እትዬ ጠጅቱ «ማን ሞተብሽ?» ቢሉኝ «የልጄ በሽተኛ» አልኳቸው። ሌላ ሳይጠይቁ ራቅ ብለው ተቀመጡና አብረን አለቀስን።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውዪ ለእኔ ብለሽ አትሳቂ። መጀመሪያ አልቅሺ፤ ስልኩን ይዤ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ ወለተሃና