የሰናይት ሚኒባስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዓይኔ ደክሞ የሰናይትን የሜካኒክስ መጽሐፍ እንዳላነበብኩ በትምህርት ክፍሉ ይወራል። ሐሰት ነው። ስህተት ፍለጋ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አላገኘሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ካስተማርኩበት የውጭ መጽሐፍና ከቀድሞ ተማሪዬ ከሰናይት መጽሐፍ የቱ ለማስተማሪያነት እንደሚሻል እንድወስን የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የእኔው የውጭ መጽሐፍ ሰበቃን (ፍሪክሽንን) የሚያስረዳው በረዶ ላይ በሚንሸራተት ሰው ነው፤ የእሷ ከእንጦጦ በሚወርድ ሚኒባስ ፍሬን። ዛሬ እንጦጦ ሥር ወዳለው ግቢያችን ሄጄ ሁለቱንም ለተማሪዎች አነበብኩላቸው። በበረዶው ጊዜ ስልካቸውን ነካኩ።

በሚኒባሱ ግን፣ «ቲቸር፣ ይቺን ቁልቁለት እኮ በየቀኑ ነው የምንወርዳት» አለች አንዷ፤ ሳላዛቸው ማስላት ጀመሩ።

ለእኔ እንዲህ ሆነው አያውቁም።

ማታ ሰናይት ደወለች። «እርስዎ ያስተማሩኝን ነው የጻፍኩት» አለች። ይህ ይበልጥ አበሸቀኝ። በረዶውን እንጂ ሚኒባሱን አላስተማርኳትም።

ነገ መጀመሪያ የሚኒባሱን ስሌት እንደገና እሠራለሁ። ስህተት ካጣሁ የእሷን መርጬ እፈርማለሁ። ከዚያ እደውልላታለሁ፤ ምናልባት።