የላፍቶው ማንጎ

ላፍቶ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሁንዴሳ ሮበሌ፤ ድሬዳዋ

ልጄ፣ የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረን። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅብኝ። መሠረተ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። በሰው እጅ ሳስጽፍማ የሆዴን መች ተናገርኩ?

በጭነት መኪና ሾፌር እጅ የላክኸው የማንጎ ችግኝ ክረምት ሳይገባ ደርሶን ነበር። አባትህ ገና ሲያየው ፊቱን አጠቆረ። በሬዎቹን ጥለህ ለባቡር ሥራ ከሄድክ ወዲህ ስምህን አንስቶ አያውቅም፤ እኔ ሳነሳህም ብድግ ብሎ ይወጣል። "የቆላ ተክል በላፍቶ ብርድ? ለፍየሏ ስጫት" አለኝ። የእኔን እልኸኝነት ደግሞ ታውቀዋለህ። በዘይት ቆርቆሮ ተክዬ በር ጥግ አኖርኩት። ክረምቱን ሙሉ አንዲት ቅጠል ሳይጨምር ከረመ። ሁለታችሁን የሚያስታርቅልኝ እሱ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ በየማለዳው ቅጠሉን እቆጥር ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ቆርቆሮው ከቦታው ጠፋ። ፍየሏ በላችው ብዬ ስፈልግ ከጥጆቹ ጋጥ አገኘሁት። አባትህ ትኩስ እበትና የጤፍ ገለባ ከምሮ ቆርቆሮውን እስከ አንገቱ ቀብሮታል። እጄን ብሰድበት ክምሩ እንደ ታመመ ሰው ግንባር ያተኩሳል። ለካ ለብ ያለ ውሃ የሚያጠጣው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ የሚያወጣው፣ ሲመሽ የሚመልሰው እሱ ኖሯል። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ባለፈው ሳምንት የወረደው ውርጭ የጎረቤቱን ባቄላ ሁሉ አጠቆረው። ጠዋት አባትህ ከጋጡ ተጣራ። ሄጄ ባይ ማንጎው ጫፉ ላይ እፍኝ ሙሉ ቅጠል አውጥቷል፤ ግን ቀይ፣ ልፍስፍስ ያለ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ። "እበቱ በዛበት፤ አቃጠልኩት" አለ። ያ ኩሩ ሰውዬ ጥፋቱን በገዛ አፉ አመነ።

የተቃጠለው ይቆረጥ ብሎ ማጭዱን ሲያነሳ ጎረቤታችን ዙሌካ ወተት ልትወስድ መጣች፤ ድሬ ተወልዳ ያደገች ናት። እጁን ለቀም አደረገችው። "ጋሼ ሮበሌ፣ ምን ሊያደርጉ ነው? የማንጎ ቅጠል ሲወለድ ቀይ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው ኋላ ነው" አለችው።

ልጄ፣ ምን ልበልህ። ውጭ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ እዚህ እበት መሐል አዲስ ቅጠል ይወለዳል። ፀሐይ በበሩ ገብታ ስታርፍበት ቅላቱ ጋጡን ሞላው።  አባትህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደ ያዘ፣ "ሁንዴሳ ይህን አይቶ ያውቃል?" አለኝ።

ስምህን ከአፉ ስሰማ ገለባው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ። ለገና ና፤ አደራህን።

እናትህ ገዲሴ

ይህንን ልረሳው ነበር፤ አባትህ፣ "ለገና ይምጣ ብለሽ ጻፊለት፤ እኔ አልኩ እንዳትዪ" ብሎኛል። እኔም አላልኩህም።